«ስኳር የለውም» የተባለውን ጣሳ ማን ይመሰክርለታል?

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በአሜሪካ ኢንዲያና፣ ኬንታኪና ኦሃዮ ለገበያ ከቀረበው «ሚኒት ሜይድ ዜሮ ሹገር» የሎሚ መጠጥ ውስጥ ከ13 ሺህ ሣጥን በላይ ተመልሶ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ጣሳው ላይ የታተመው ጽሑፍ ስኳር እንደሌለው ቢናገርም ውስጡ የነበረው መደበኛው ባለ ስኳር መጠጥ ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በሜይ 2025፣ በፍሎሪዳ፣ በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና የተሠራጨ ከ19 ሺህ ሣጥን በላይ «ዶክተር ፔፐር ዜሮ ሹገር» በዚያው ምክንያት ተሰበሰበ። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሁለቱንም በሁለተኛ ደረጃ መደባቸው። ይህም ጊዜያዊ ወይም በሕክምና ሊመለስ የሚችል የጤና ጉዳት ያደርሳሉ ተብሎ የሚሰጋባቸው ምርቶች የሚመደቡበት ደረጃ ነው።

ለብዙው ጠጪ ነገሩ ከቀልድ አያልፍም፤ የጠጣው ስኳር እንጂ መርዝ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛው ግን በአንዲት 355 ሚሊ ሊትር ጣሳ ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ስኳር ሳያውቀው ይጠጣል። አከፋፋዩ ደግሞ የሸጠውን ይሰበስባል፣ የጭነት ኪራይ ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ከሁሉ በላይ የደንበኛውን እምነት ያጣል።

የሚገርመው ግን እንዲህ ያለውን መደበላለቅ ለመያዝ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ እጅ የሚያዝ መሆኑ ነው። ሪፍራክቶሜትር ይባላል። ጋዙ የወጣለት መጠጥ አንድ ጠብታ መስተዋቱ ላይ ይደረግና ብርሃን በጠብታው ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ይነበባል። ንባቡ ብሪክስ በሚባል መለኪያ የሚገለጽ ሲሆን በ100 ግራም መጠጥ ውስጥ ስንት ግራም ስኳር እንዳለ ያሳያል። ባለ ስኳር ኮላ ከ10 እስከ 11 ብሪክስ ያነባል፤ ስኳር አልባው ከዜሮ ብዙም አይርቅም። መሣሪያ የሌለው ባለ ሱቅም ቢሆን አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃዋል። ብዙውን ጊዜ ባለ ስኳሩ ጣሳ ይሰምጣል፣ ስኳር አልባው ይንሳፈፋል።

ታዲያ እንዲህ ቀላል ከሆነ ስህተቱ በምን ቀዳዳ ያልፋል? በብዙ ፋብሪካዎች ባለ ስኳሩና ስኳር አልባው የሚሞሉት በተራ በአንድ መስመር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ታንኩ፣ ቱቦውና መሙያው መታጠብ አለበት። ቱቦው ውስጥ የቀረ ጥቂት ሽሮፕ የመጀመሪያዎቹን ሣጥኖች ሊያበላሽ ይችላል። ሌላም አለ። መጠጡ ትክክል ሆኖ ባዶ ጣሳው የሌላው ምርት ሊሆን ይችላል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ናሙናውን ከታንኩ ብቻ ከቀዳ ውጤቱ ንጹሕ ይሆንለታል፤ ልብሱ ግን የሌላ ሰው ነው። ስለዚህም ጠንቃቃ ፋብሪካ ናሙናውን የሚያነሳው ታሽጎ ከወጣው ጣሳ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ያነባል፣ ከፍቶ ይለካል፣ ሁለቱን ያስተያያል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሪፍራክቶሜትር ስኳር መኖሩን ይናገራል እንጂ ማጣፈጫው ልክ መሆኑን አይናገርም። በባለ ስኳሩ መጠጥ ብሪክስ የፋብሪካው ዓይን ነው፤ ሽሮፑና ውኃው በትክክል መመጣጠናቸውን በደቂቃ ውስጥ ያሳያል። ወደ ስኳር አልባው ሲመጣ ግን ያ ዓይን ይታወራል።

ሂሳቡን ማየት ይጠቅማል። 1,000 ሊትር ባለ ስኳር ኮላ ለመሥራት 106 ኪሎ ግራም ያህል ስኳር ይገባል። አስፓርቴም የተባለው ማጣፈጫ ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ፣ ብቻውን ሥራ ላይ ቢውል ለዚያው 1,000 ሊትር 530 ግራም ይበቃል። ከ106 ኪሎ ስኳር ላይ 50 ግራም ቢጎድል የሚያውቅ የለም። ከ530 ግራሙ ዱቄት ላይ ያችው 50 ግራም ከጎደለች ግን ከጣዕሙ ወደ አንድ አሥረኛ የሚጠጋው ጠፋ ማለት ነው። ወደ ላይ መሳሳትም አያዋጣም። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ለእንዲህ ዓይነት መጠጥ የፈቀደው የአስፓርቴም ጣሪያ በኪሎ ግራም 600 ሚሊ ግራም ነው። በ1,000 ሊትር ሲሰላ በልኩና በጣሪያው መካከል ያለው ልዩነት 70 ግራም ገደማ መሆኑ ነው። ሚዛኑን የያዘው ሠራተኛ እጅ ውስጥ ያለው ነገር ይህን ያህል ነው።

ስለሆነም ላቦራቶሪው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አንደኛው አሲዱን መለካት ነው። መጠጡ ተንጦ ጋዙ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ካልወጣ ጋዙ ራሱ እንደ አሲድ ይቆጠርና ውጤቱን ያዛባል። ከዚያም ልኩ የታወቀ የኮስቲክ ሶዳ ብጥብጥ በጠብታ ይጨመርበታል። አሲዱን ለመግደል የፈጀው የሶዳ መጠን ሽሮፑ በስንት ውኃ እንደቀጠነ ይናገራል። ርካሽና ፈጣን ነው፤ በየሰዓቱ ሊሠራ ይችላል። ማጣፈጫው ተረስቶ ከሆነ ግን ይህም አያውቅም፤ ያየው አሲዱን ብቻ ነውና።

የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ኤች.ፒ.ኤል.ሲ. የሚባለው ውድ መሣሪያ ነው። ተጣርቶ የገባው መጠጥ በከፍተኛ ግፊት በቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ በውስጡ ያሉት ነገሮች በየተራቸው ተለያይተው ይወጣሉ፤ እያንዳንዱም ወረቀት ላይ የራሱን ጉብታ ይሠራል። አስፓርቴም፣ አሲሰልፌም-ኬ፣ ሳካሪን፣ ካፌይንና ቤንዞዌት የተባለው መጠበቂያ በአንድ ዙር ሊታዩ ይችላሉ። ሱክራሎስ ግን የተለመደው የአልትራቫዮሌት መመልከቻ በቅጡ ስለማያየው የተለየ መመልከቻ ይፈልጋል። በሱክራሎስ የጣፈጠ መጠጥ የሚያስመጣ ነጋዴ የምርመራ ወረቀት ሲቀበል በየትኛው ዘዴ እንደተለካ ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

ነጋዴውን በቀጥታ የሚነካው ጉዳይ ሙቀት ነው። ስኳር ጣሳ ውስጥ ወራት ቢቀመጥ ጣፋጭነቱን አያጣም። አስፓርቴም ግን ሁለት አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት ነገር ስለሆነ በፈሳሽ ውስጥ ቀስ በቀስ ይፈርሳል። ይበልጥ የሚጸናው የአሲድ ልኩ ፒ.ኤች. 4.3 አካባቢ ሲሆን ነው፤ በዚያም ሁኔታ በክፍል ሙቀት 300 ቀን ገደማ ሲቆይ ግማሹ ይሄዳል። ኮላ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ኮምጣጣ ስለሆነ መፍረሱ ይፋጠናል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብስበታል። ፋብሪካዎች ለስኳር አልባው ከባለ ስኳሩ ያነሰ የመጠቀሚያ ጊዜ መስጠታቸው የተለመደ የሆነው በዚህ ነው። የፈረሰው ነገር በዚያ መጠን የሚያሰጋ አይደለም፤ ግን አይጣፍጥም።

ከጂቡቲ ወደብ ተነስቶ የአፋርን ቆላ አቋርጦ የሚመጣ ኮንቴነር ውስጡ ምን ያህል እንደሚግል አስመጪ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ አገር ሲገባ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተሰጠው ሥልጣን ይቆጣጠረዋል። ነገር ግን ዕቃው ካለፈ በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለትና ሦስት ወር ቢከማች የመግቢያው ምርመራ ለዚያ ዋስትና አይሆንም። ገዢው «ውኃ ውኃ ይላል» ብሎ ሲመልስ ቸርቻሪው በጅምላ ሻጩ፣ ጅምላ ሻጩ በአስመጪው፣ አስመጪው በፋብሪካው ያመካኛል። ፋብሪካውም መጋዘኑን ይከስሳል።

ይህን ክርክር ላቦራቶሪ ሊፈታው ይችላል። ብዙ ፋብሪካዎች አስፓርቴምን ከአሲሰልፌም-ኬ ጋር ይደባልቃሉ፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ይደጋገፋሉና ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ይበቃል። ለክርክሩ የሚጠቅመው ግን አሲሰልፌም-ኬ ሙቀትንም ቆይታንም የሚችል መሆኑ ነው። ሁለቱም በእኩል ድርሻ ጎድለው ከተገኙ መጠጡ ከመነሻው ቀጥኗል፤ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። አሲሰልፌም-ኬው ሙሉ ሆኖ አስፓርቴሙ ብቻ ካነሰ ደግሞ ሌላ ምስክር ይፈለጋል። አስፓርቴም ሲፈርስ ከሚወልዳቸው ነገሮች አንዱ በባለሙያዎች አጠራር ዲ.ኬ.ፒ. የሚባለው ነው፤ በኤች.ፒ.ኤል.ሲ. ወረቀት ላይ የራሱ ጉብታ አለው። ጉብታው ከፍ ካለ ማጣፈጫው ገብቶ ነበር፤ ያጠፋው ሙቀት ወይም ዕድሜ ነው። ጉብታው ከሌለ መጀመሪያውኑ በልኩ አልገባም። ሙቀት ወይስ ዕድሜ የሚለውን ለመለየት ፋብሪካው ከዚያው ባች ላይ አስቀርቶ ያኖረው ናሙና ጎን ለጎን ይመረመራል። ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ የፋብሪካው ጤነኛ ሆኖ የነጋዴው ከፈረሰ ተጠያቂው በመካከል ያለው ጉዞና መጋዘን ነው። ለነጋዴ የማይጥም መልስ ሊሆን ይችላል፤ ግን መልስ ነው።

ሙቀት ሌላም ጣጣ አለው። ቤንዞዌት የተባለው መጠበቂያና ቫይታሚን ሲ በአንድ መጠጥ ውስጥ ሲገናኙ፣ ሙቀትና ብርሃን ሲያግዛቸው፣ ካንሰር አምጪ የሆነው ቤንዚን የተባለ ኬሚካል (ከመኪናው ነዳጅ ጋር በስም ብቻ አይምታታ) በጥቂቱ ሊፈጠር ይችላል። ስኳር ይህን ሂደት ያዘገየዋል፤ ስኳር አልባው ያ መከላከያ የለውም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ባደረጉት ፍተሻ ለመጠጥ ውኃ ከተፈቀደው፣ ከቢሊዮን 5 እጅ፣ በላይ የያዙ ጥቂት ምርቶች ተገኝተው ቅመማቸው እንደገና ተስተካክሏል።

ወደ ውጭ ለመላክ ወይም ከተለያየ አገር ለማስመጣት የሚያስብ ደግሞ የማጣፈጫውን ስም ሳያይ ባይዋዋል ይሻለዋል። ሳይክላሜት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1969 ታግዶ እስከ ዛሬ አልተፈቀደም፤ በአውሮፓ ኅብረት ግን በሊትር እስከ 250 ሚሊ ግራም ይፈቀዳል። አንዱ ወደብ የሚያስገባውን ሌላው ይመልሳል።

የስም ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አስፓርቴምን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ተራ ሲያስገባው ገበያው ተንጫጫ። በዚያው ቀን ግን የምግብ ተጨማሪዎችን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ኮሚቴ በቀን በኪሎ ክብደት 40 ሚሊ ግራም የሚለውን የቆየ ልክ አጽንቷል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከዚያ ልክ የሚያልፈው ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ በቀን ከጠጣ ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ጣሳው 300 ወይም 200 ሚሊ ግራም ይይዛል ከሚለው ግምት ነው። ይህም ስሌት ቢሆን የሚቆመው ጣሳው ውስጥ ያለው መጠን በትክክል ከተለካ ብቻ ነው።

በውሉ ላይ የዋጋና የብዛት ዓምድ ሲሞላ የባች ቁጥር ያለው የምርመራ ወረቀት፣ በርክክብ ቀን የቀረው የመጠቀሚያ ጊዜ፣ ከዚያም በሁለቱ ወገን ፊርማ ታሽገው በቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጡ ጥቂት ጣሳዎች አብረው ቢገቡ ወጪያቸው ከአንድ ሣጥን ዋጋ ብዙም አያልፍም። የባች ቁጥር የሌለበት ወረቀት ስለ አንድ ሌላ ቀን ምርት የተጻፈ ሊሆን ይችላልና ለክርክር አይረዳም። ፋብሪካዎች ያስቀሩትን ናሙና ለዘላለም አያኖሩትም፤ የመጠቀሚያ ጊዜው ሲያልፍ ይጣላል። ቅሬታ ያለው ነጋዴ ደብዳቤውን ከዚያ በፊት ማድረስ ይኖርበታል።