ጀስቲን ሞሪል፦ ኮሌጅ ያልገቡት የኮሌጆች አባት

ጀስቲን ስሚዝ ሞሪል በ1810 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት፣ ስትራፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። የቤቱ አቅም ልጁን ኮሌጅ ለማስገባት ስላልበቃ በጉርምስናቸው ሱቅ ተቀጠሩ። ንግዱ ቀናቸውና ገና 40 ሳይሞላቸው ከሥራ አርፈው ወደ እርሻቸውና ወደ መጻሕፍታቸው ዞሩ። በ1855 ግን ኮንግረስ ገቡ። 12 ዓመት በተወካዮች ምክር ቤት፣ ከዚያም በሴኔት እስከሞቱበት እስከ 1898 ድረስ፣ በድምሩ ለ44 ዓመታት ያህል ሕግ ሲያወጡ ኖሩ።

በ1861 የወጣው የቀረጥ ሕግ በስማቸው ይጠራል። ስማቸውን ያስከበረው ግን ሌላ ሕግ ነው። በዘመኑ የነበሩት ኮሌጆች በአብዛኛው ላቲንና ግሪክ እያስተማሩ ቄስ፣ ጠበቃና ሐኪም ያወጡ ነበር፤ አራሹና ሠራተኛው ቦታ አልነበራቸውም። ሞሪል በ1857 ለእነዚህ ኮሌጅ የሚያስገኝ የሕግ ረቂቃቸውን አቀረቡ። ምክር ቤቶቹ ቢያጸድቁትም ፕሬዚዳንት ቡካናን በ1859 ውድቅ አደረጉት። ሞሪል ግን አልተዉትም። በአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት ሳቢያ ተቃዋሚዎቹ የደቡብ እንደራሴዎች ከኮንግረስ በወጡበት ጊዜ እንደገና አቀረቡት፤ ፕሬዚዳንት ሊንከንም ጁላይ 2 ቀን 1862 ፈረሙበት።

አሠራሩ ብልህ ነበር። እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ባለው መቀመጫ ልክ፣ ለአንድ መቀመጫ 30,000 ኤከር የመንግሥት መሬት ያገኝ ነበር። መሬቱ ይሸጥና ገንዘቡ ይቀመጥ ነበር፤ ዋናው ሳይነካ ወለዱ እርሻና መካኒክ ለሚያስተምር ኮሌጅ ይውል ነበር። ኮርኔልና ኤምአይቲ ከዚህ ገንዘብ ተካፍለዋል።

መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው፤ ከነባር ሕዝቦች በጦርና በግፍ ውል የተወሰደ ነው። ይህን ሳያነሱ ሕጉን ማወደስ ትክክል አይደለም። የ1890ው ሁለተኛ ሕጋቸውም ለጥቁሮች ኮሌጅ ገንዘብ ቢያስገኝም፣ ግዛቶች ተማሪዎችን በዘር ለይተው እንዲያስተምሩ ፈቅዷል።

በዚያው በ1890 ከተቋቋሙት፣ በሞሪል ሕጎች ከሚደገፉ «የመሬት ስጦታ» ኮሌጆች አንዱ የኦክላሆማው የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሄንሪ ቤኔት ኢትዮጵያ መጡ። በ1952 በተፈረመ ስምምነትም የኦክላሆማ መምህራን የአለማያን የእርሻ ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ማስተማርን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚደርስ የኤክስቴንሽን ሥራን ያጣመረውን የአሜሪካኑን ሥርዓት ይዘው እስከ 1968 ቆዩ። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይኸው ነው። ከዚያ የተመረቃችሁ አንባቢያን፣ የትምህርት ቤታችሁን ታሪክ ስትናገሩ የስትራፎርዱን ሰውም አንሷቸው።