ከፊት የጎደለችው 2

አዲስ አበባ፣ አማኑኤል ሰፈር ከቆየ ነጋዴ ሱቅ ገብታችሁ አቧራ የጠገበ የደረሰኝ ጥራዝ ብታገላብጡ፣ ከሱቁ ስም ሥር ባለ 6 አሃዝ ስልክ ቁጥር ሳታገኙ አትቀሩም። በ75 ወይም በ76 የሚጀምር ከሆነ የአዲስ ከተማ የስልክ ማዕከል ልጅ ነው። እንዳለ ብትደውሉለት አይሠራም። የጎደለችው ከፊቱ 2 ናት።

መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ስልክ ቁጥር ሁሉ ተለወጠ። እስከዚያ ቀን የአዲስ አበባ መለያ 01፣ የደንበኛው ቁጥር ደግሞ 6 አሃዝ ነበር። ስድስት አሃዝ ቢለጠጥ ቢለጠጥ ከአንድ ሚሊዮን ቁጥር አያልፍም። ስለዚህ መለያውም ቁጥሩም አንድ አንድ አሃዝ ተጨመረላቸው፤ 01 ተብሎ ይደወል የነበረው 011፣ 75 የነበረው 275 ሆነ።

የተጨመረችው አሃዝ በዘፈቀደ አልመጣችም። አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈር ትናገራለች፦ ለአራዳ 1፣ ለአዲስ ከተማ 2፣ ለአሮጌው ኤርፖርት 3፣ ለንፋስ ስልክ 4፣ ለፍልውሃ 5፣ ለቦሌ 6። «ከአማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ» እየተባለ አድራሻ በሚነገርበት መርካቶ፣ ታፔላ ላይ 011 2 ማየት ግማሽ መንገድ መድረስ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ደግሞ የበለጠ ይጥመኛል። አዲሷ አሃዝ መሐል ገባች፣ አሮጌዋ መጨረሻ ላይ ቀረች። የደሴ 03 ወደ 033፣ የመቀሌ 04 ወደ 034፣ የድሬዳዋ 05 ወደ 025፣ የሐዋሳ 06 ወደ 046፣ የጅማ 07 ወደ 047፣ የባሕር ዳር 08 ወደ 058 ተለወጡ። መሐሏን ብቻ ነጥላችሁ ብታዩ አቅጣጫ ታነባላችሁ፦ 2 ምሥራቅ፣ 3 ሰሜን፣ 4 ደቡብና ደቡብ ምዕራብ፣ 5 ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ። ካርታ የማያውቅ ሰው እንኳ ጣቱ ሰሌዳው ላይ አገሩን ሲዞር ኖሯል።

ሞባይል ግን ሰፈር የለውም። በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር መለያው 09 ነበር፤ በ1998ቱ ለውጥ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች 0911 ሆኑ። ስለዚህ 0911 ባለቤቱ የት እንደሚኖር ሳይሆን መስመሩ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ ነው የሚናገረው፤ ነጋዴ ቁጥሩን እንደ ንብረት የሚይዘውም ለዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም አገልግሎት ሲጀምር 07ን ይዞ መጣ። ጅማን በ07 ሲደውሉ ለኖሩት መቼም ግር ሳይላቸው አይቀርም!

ያንን የድሮ ደረሰኝ ያገኘ ሰው እስቲ ይሞክረው፦ 011፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ ስድስቱን አሃዝ። ካነሡለት ሰላምታችንን ያድርስልን።