አንድ ስም ያላቸው ሁለት መድኀኒቶችና የሽንት ምርመራ

በንግድ ሥራ የቈየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ በሁለት ዕቃዎች ላይ የተጻፈው ስም አንድ በመሆኑ ብቻ በውስጣቸው ያለውም አንድ ነው ለማለት አይቻልም። ዕቃው መድኀኒት በሆነ ጊዜ ይህ ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በአንድ ስፖርተኛ ላይ የደረሰው ነገር ያስረዳል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ. ም. በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፤ የስኮትላንድ ተወላጅ አለን ባክስተር በበረዶ ሸርተቴ በስላሎም ውድድር ሦስተኛ ወጥቶ የነሐስ ሜዳይ ተሸለመ። ነገር ግን ሽንቱ በተመረመረ ጊዜ ሜታምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ቅመም ስለ ተገኘበት ሜዳዩን እንዲመልስ ተፈረደበት።

የነገሩ መነሻ አፍንጫው በታፈነ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የገዛው ቪክስ የተባለው በአፍንጫ የሚሳብ መድኀኒት ነበር። በአገሩ ይጠቀምበት ስለ ነበረ የአሜሪካውም ያው መሰለው። ዳሩ ግን በብሪታንያ በሚሸጠው ውስጥ የሌለው ሌቭሜታምፌታሚን የተባለ ቅመም በዚያን ጊዜ በአሜሪካው ውስጥ ይገኝ ነበር።

ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1848 ዓ. ም. እንዳሳየው፤ አንዳንድ ቅመሞች እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ፤ ወይም እንደ ሰውና እንደ መስተዋት ምስሉ ሁለት መልክ አላቸው። ሜታምፌታሚንም እንዲሁ ነው። ቀኙ አእምሮን በብርቱ ያነቃቃል፤ ግራው ግን የአፍንጫን የደም ሥሮች በማኰማተር እፎይታ የሚሰጥ ሲሆን፤ አእምሮን የማነቃቃት ኀይሉ እጅግ ያነሰ ነው።

የሁለቱ ክብደት አንድ ስለ ሆነ የተለመደው ምርመራ አይለያቸውም። ስለዚህ ላቦራቶሪው ራሱ የአንድ ወገን መልክ ያለውን ሌላ ቅመም ይጨምርበታል። የቀኝ ጓንት ለቀኝ እጅ ሲገጥም ለግራው እንደማይመች ሁሉ፤ ሁለቱም ከዚህ ቅመም ጋር ሲጣመሩ ልዩነታቸው ይገለጣል፤ በመሣሪያውም ቀጭን ቱቦ ውስጥ በተለያየ ሰዓት ስለሚያልፉ መጠናቸው ለየብቻ ይለካል። በአሜሪካ በሚደረገው የሠራተኞች ምርመራ፤ ከተገኘው ሜታምፌታሚን ከመቶው ከ20 እጅ በላይ ቀኙ ከሆነ፤ «ከአፍንጫ መድኀኒት የመጣ ነው» የሚለው ምክንያት ተቀባይነት አይኖረውም።

ባክስተር ይግባኝ ያለበት የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት የሰውየውን ቅንነት ቢቀበልም፤ የዚያን ጊዜው ደንብ ቀኙንና ግራውን ለይቶ ስላልተናገረ ፍርዱን አጸናበት። ዛሬ የዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት ዝርዝር ሁለቱን በየስማቸው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ይሁን እንጂ ግራውም ቢሆን በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ መድኀኒት የሚያስመጡ ነጋዴዎቻችን ዕቃው ለየትኛው አገር ገበያ እንደ ተሠራ፤ በውስጡም ምን ምን ቅመም እንዳለ ከላኪው ድርጅት በጽሑፍ ቢጠይቁ ይበጃቸዋል። ባለ ሱቆችም ከሁለት አገር የመጣውን አንድ ስም ያለው መድኀኒት በአንድ መደርደሪያ ላይ ባይቀላቅሉ፤ ደንበኛው «ያንን የለመድኩትን ስጠኝ» ባለ ጊዜም በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቢያሳዩት፤ ስፖርተኛ ከሆነም አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር ቢነግሩት ደንበኛቸውንም ስማቸውንም ይጠብቃሉ።