የናይሮቢ አይሮፕላን ማረፊያ በማን ይመረመራል?

ኦገስት 7 ቀን 2013 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ገና ሳይነጋ፣ በናይሮቢ በጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ የአይሮፕላን ማረፊያ፣ ከውጭ አገር የሚመጡ መንገደኞች በሚስተናገዱበት አዳራሽ እሳት ተነሣ። እሳቱ ለሰዓታት ነድዶ አዳራሹን አወደመው፤ ወደ ናይሮቢ ያቀኑ አይሮፕላኖችም ወደ ሞምባሳና ወደ ሌሎች ከተሞች ተላኩ። የሞተ ሰው አለመኖሩ ታላቅ ዕድል ነበር። በኋላ የተደረገው ምርመራ የእሳቱ መነሻ የኤሌክትሪክ ብልሽት መሆኑን አመለከተ፤ ስለ እሳት አጥፊዎቹ መዘግየትና ስለ ውሃ እጥረት ግን ብዙ ወቀሳ ተሰማ።

ታዲያ አንድ የአይሮፕላን ማረፊያ ደኅና ነው ብሎ የሚመሰክርለት ማነው? የሚመሰክርለትስ ምኑን አይቶ ነው?

የነገሩ መሠረት የተጣለው በ1944 ዓ.ም. በቺካጎ በተደረገው ጉባኤ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በዚያ ከተገኙት መንግሥታት አንዷ ነበረች። ከጉባኤው የተወለደው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በ1951 ዓ.ም. ስለ አይሮፕላን ማረፊያዎች የሚደነግገውን 14ኛውን አባሪ አወጣ። ይሁን እንጂ ለዓለም አቀፍ በረራ የሚያገለግል ማረፊያ ሁሉ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት እንዲይዝ የሚያስገድደው ደንብ በሥራ ላይ የዋለው ከኖቬምበር 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ብዙው መንግሥት ማረፊያውን ራሱ እየሠራ ራሱ ያስተዳድር ስለ ነበር፣ ፈታኙና ተፈታኙ አንድ ነበሩ።

በኬንያ ዛሬ ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው የአይሮፕላን ማረፊያዎች ባለሥልጣን ነው፤ የሚፈትነው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እንዲለያዩ መደረጉ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ነጋዴ የራሱን ሚዛን ራሱ እንዲመረምር አይተውለትምና። አስተዳዳሪው በመጀመሪያ ስለ ማረፊያው አንድ መጽሐፍ ያዘጋጃል፤ በዚህም የመንደርደሪያው ርዝመትና ስፋት፣ የመብራቶቹ ዓይነት፣ የእሳት አጥፊው ኃይል፣ አደጋ ሲደርስ ማን ማንን እንደሚጠራ ሁሉ ይሰፍራል። መርማሪዎቹ ይህን መጽሐፍ ይዘው ወደ ሜዳው ይወጣሉ። የተጻፈው ከሚታየው ጋራ ከተስማማ ወረቀቱ ይሰጣል፤ ካልተስማማ እርማት ይታዘዛል። የተሰጠውም ወረቀት ሊታገድ ወይም ሊነጠቅ ይችላል።

ማረፊያው ኤምባካሲ በሚባለው ሜዳ ላይ የተሠራው በ1950ዎቹ ሲሆን፣ በማው ማው ዐመፅ ጊዜ የታሰሩ ሰዎች በግዳጅ ጕልበታቸውን አፍስሰውበታል። የተከፈተው በ1958 ዓ.ም. ነው። መንደርደሪያው ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ይህን ያህል መርዘሙም ለክብር አይደለም። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የሳሳው አየር ክንፉን እንደ ቈላው አየር አያነሣውም፤ የሞተሩም ኃይል ይቀንሳል። የማረፊያዎቻቸው ከፍታ ከ2,300 ሜትር የሚበልጠው የአሥመራና የአዲስ አበባ ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያሻቸውም።

በዚህ መንደርደሪያ ላይ የሚደረገው ምርመራ የዓመት ሥራ ብቻ ሳይሆን የየዕለቱ ነው። አይሮፕላን ባረፈ ቍጥር ከጎማው እየተላጠ የሚቀረው ላስቲክ መሬቱን ስለሚያለሰልሰው፣ ዝናብ ሲጥል ፍሬኑ እንዳይከዳ ሸካራነቱ በመሣሪያ ይለካል፤ ላስቲኩም ይፋቃል። የወደቀ ብሎንና ቍርጥራጭ ብረት ይለቀማል። ይህ ለተመልካች ከንቱ ድካም ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን በጁላይ 2000 ዓ.ም. በፓሪስ ኮንኮርድ የተባለውን አይሮፕላን ለጥፋት ያበቃው፣ ከሌላ አይሮፕላን የወደቀና ርዝመቱ ግማሽ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብረት ነበር፤ 113 ሰዎችም ሞቱ። በናይሮቢ ደግሞ የወፍ ነገር አለ። አባ ኮዳ ቈሻሻ ባለበት የማይታጣ ግዙፍ ወፍ ነው፤ ወደ ሞተር ቢገባ የሚያደርሰው ጕዳት ቀላል አይደለም። የዳንዶራን የቈሻሻ መጣያ ወደ ሩዋይ ለማዛወር ታስቦ በነበረ ጊዜ የማረፊያው ባለሥልጣኖች የተቃወሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

እሳት አጥፊዎቹም በሰዓት ይፈተናሉ። ጥሪ ከተሰማ በኋላ የመጀመሪያው መኪና በ3 ደቂቃ ውስጥ ከመንደርደሪያው ማናቸውም ስፍራ ደርሶ አረፋ መርጨት እንዲጀምር ደንቡ ያዛል። ናይሮቢ ይህ ለምን እንዳስፈለገ ታውቃለች። በኖቬምበር 20 ቀን 1974 ዓ.ም. የሉፍታንዛ ቦይንግ 747 የክንፎቹ የፊት መዝጊያዎች ሳይዘረጉ ተነሥቶ፣ ከመንደርደሪያው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ ወደቀ፤ ከ157ቱ ሰዎች 59ኙ ሞቱ፤ የቀሩት ተረፉ።

እንግዲህ የ2013ቱ ቃጠሎ የሚያስተዛዝበው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ደንብ በይበልጥ የሚመለከተው አይሮፕላን የሚነሣበትን፣ የሚያርፍበትንና የሚመላለስበትን ሜዳ ነው። እሳቱ ግን የተነሣው በሜዳው ሳይሆን፣ መንገደኛው ፓስፖርቱን ይዞ ተራ በሚጠብቅበት ጣሪያ ሥር ነበር።

ፈታኙ ራሱ ይፈተናል፤ ይኸውም መልካም ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የኬንያን የቍጥጥር አሠራር መርምሮ በፌብሩዋሪ 2017 ዓ.ም. አንደኛውን ደረጃ ሰጠ። በኦክቶበር 2018 ዓ.ም. ኬንያ ኤርዌይስ ከናይሮቢ ወደ ኒው ዮርክ በቀጥታ መብረር የጀመረው ይህ በር ስለ ተከፈተለት ነው።

ይሁን እንጂ በኦገስት 25 ቀን 2023 ዓ.ም. ሌሊት በመላው ኬንያ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ፣ ለዋናዎቹ አዳራሾች የተዘጋጀው ጄኔሬተር ሳይነሣ ቀረና መንገደኞች በጨለማ ቆሙ። በመሣሪያ ለሚመራ ማረፍ የሚያገለግሉት የመንደርደሪያ መብራቶች፣ ዋናው ኃይል ሲጠፋ በ15 ሰከንድ ውስጥ፣ ለከባድ ጉም የተመደቡትም ከዚያ ፈጥነው በተጠባባቂ ኃይል እንዲበሩ አባሪው ይደነግጋል። ለመንገደኛው አዳራሽ እንዲህ ያለ ሰከንድ አልተቈጠረለትም። የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቁ፤ የማረፊያዎቹ ባለሥልጣን ዋና ኃላፊም ከሥራቸው ተነሡ።