ስለማይነገረው ማሳከክ፦ የሸለፈት መቆጣት መንስኤና እንክብካቤ



የዛሬው ርእሳችን በመማሪያ ክፍል ውስጥ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምናነሣው ነው። ሸለፈቱ የተቆጣበትና የሚያሳክከው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም አይሄድም፤ መድኃኒት ቤት ገብቶ የሕመሙን ቦታ ሳይጠቅስ «የቆዳ ቅባት» ገዝቶ ይመለሳል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሰው ይመስላል። የንግግሬ ፍሬ ሐሳብም ይኸው ነው፦ ይህ ማሳከክ የኀፍረት ጉዳይ አይደለም፤ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው የሕመም ምልክት ነው፤ አንዳንዴም ከቆዳው አልፎ ስለ መላው ሰውነት ይናገራል።

በአገራችን አብዛኛው ወንድ በልጅነቱ ስለሚገረዝ ጉዳዩ በትምህርታችን ዳር ላይ ይቀራል። ነገር ግን እንደ ጋምቤላ ባሉ፣ ግርዛት በልማድ ባልተስፋፋባቸው አካባቢዎች የሚመደብ ሐኪም ሕመሙን በሥራው መካከል ያገኘዋል። የተገረዘ ሰውም ቢሆን የብልቱ ጫፍ አልፎ አልፎ ሊቆጣ ይችላል።

የሸለፈት የውስጥ ገጽ ስስና እርጥበት ያለው ነው። በእርሱና በብልት ጫፍ መካከል የረገፉ የቆዳ ሕዋሳትና ቅባት ተቀላቅለው ስሜግማ የሚባለውን ነጭ ነገር ይፈጥራሉ። ስሜግማ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ሳይታጠብ ሲከማች ግን ቆዳውን ያስቆጣል። የብልት ጫፍ ሲቆጣ ባላናይቲስ፣ ሸለፈቱም አብሮ ሲቆጣ ባላኖፖስታይቲስ እንለዋለን።

ከመንስኤዎቹ ቀዳሚው የአጠባብ ጉዳይ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ። ያልታጠበ እንደሚቆጣ ሁሉ፣ ሽቶ ባለው ሳሙና ወይም በፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ በቀን ደጋግሞ የሚታጠብም ይቆጣል። ማሳከኩ ሲጀምር «ቆሽሾ ይሆናል» ብሎ አጠባውን የሚያበዛ ሰው ሕመሙን በገዛ እጁ ያባብሳል። የኮንዶም ላቴክስ የማይስማማቸውም አሉ።

ሁለተኛው ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ነው። ቅላት፣ ጥቃቅን ሽፍታ፣ ማሳከክና ነጭ ፈሳሽ ያስከትላል። እዚህ ላይ ቆም ማለት እሻለሁ። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን ሲያልፍ በሽንት ይወጣል፤ ከሸለፈት ሥር የሚቀረው ስኳር ያለበት እርጥበትም ለፈንገሱ ምቹ መራቢያ ይሆናል። ስለዚህ በጎልማሳ ላይ የሚደጋገም የፈንገስ ቁጣ ገና ያልታወቀ የስኳር ሕመም የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጡት እንደ ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ መድኃኒቶችም ይህንኑ ያስከትላሉ። ቅባት ብቻ ሰጥተን ሕመምተኛውን ስንሸኝ፣ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን የሚጎዳውን በሽታ በጊዜ የማግኘት ዕድል ያመልጠናል።

ሦስተኛው ወገን ሌሎች ተላላፊ ሕመሞች ናቸው። መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ባክቴሪያን፣ ቁስል ደግሞ ሄርፒስን ወይም ቂጥኝን ያስጠረጥራል። ማሳከኩ ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልም ያለ ከሆነ እከክን እናስብ። አራተኛው እንደ ሊከን ስክለሮሰስ ያለ የቆዳ በሽታ ነው፤ ቆዳውን አንጥቶና አጠንክሮ ሸለፈቱ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ያደርጋል።

ወደ እንክብካቤው ስንመጣ መሠረቱ ቀላል ነው። በቀን አንድ ጊዜ ሸለፈቱን በእርጋታ ወደ ኋላ መልሶ ያለ ሳሙና በለብ ያለ ውኃ ማጠብ፣ በቀስታ ማድረቅ፣ ከዚያም ወደ ቦታው መመለስ። መመለሱ መረሳት የለበትም፤ ከጫፉ ኋላ ተጣብቆ ያበጠ ሸለፈት የደም ዝውውርን ስለሚገታ አስቸኳይ ሕክምና ይሻል። የሕፃናትን ሸለፈት ግን በኃይል መግፈፍ ክልክል ነው። በሕፃንነት ከጫፉ ጋር መጣበቁ ተፈጥሯዊ ነው፤ ሲገፈፍ ተቀዶ ጠባሳ ይፈጥራል።

መንስኤው ፈንገስ ከሆነ 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ቅባት በቀን 2 ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይቀባል፤ ምልክት ያላት የትዳር ጓደኛም አብራ ትታከማለች። ብርቱ ስቴሮይድ የተቀላቀለበትን ቅባት ያለ ምርመራ መጠቀም ግን ማሳከኩን ለጊዜው አስታግሦ የሕመሙን መልክ ይሸፍናል፤ ሲዘወተርም ቆዳውን ያሳሳል።

ቁስል፣ እብጠት፣ ከሽንት ቧንቧ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም ሽንት የመሽናት ችግር ካለ ምርመራ ሳይውል ሳያድር ይደረግ። ሕመሙ ከተደጋገመ የደም ስኳር፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራ ይታዘዝ። በሕክምና የማይጠፋ ቅላት ወይም እድገት ካንሰር አለመሆኑ በናሙና ይረጋገጥ። ለሚደጋገምና ለሌላ ሕክምና እምቢ ላለ ቁጣ ግርዛት መፍትሔ ሊሆን ይችላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ሕመምተኛው ይህን ጉዳይ ቀድሞ አያነሣላችሁም። በሩን ዘግታችሁ፣ በአክብሮትና በግልጽ ቃል ጥያቄውን እናንተ ጀምሩት። እርሱ ለመናገር ሲያፍር እኛም ለመጠየቅ ካፈርን፣ በሽታውን የደበቅነው ሁለታችንም ነን።