ረጅሙን ሞገድ መቃኘት

ክራር የሚመታ ሰው ዜማውን ከመጀመሩ አስቀድሞ አውታሩን ያጠብቃል፣ ያላላል፣ ያዳምጣል። ይህን ሥራ ቅኝት እንለዋለን። በገናም ከክራር ይልቅ የጎረነነ ድምፅ የሚያወጣው አውታሩ ረጅምና ወፍራም በመሆኑ ነው። የሬዲዮ አንቴና ነገርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ድግግሞሹ ዝቅ ባለ ቁጥር ሞገዱ ይረዝማል፣ ሽቦውም አብሮ መርዘም ይኖርበታል። ለዛሬ ስለዚሁ ስለ ረጅም ሞገድ አንቴና ቅኝት ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት እንጨዋወታለን።

አማተር የሬዲዮ ሠራተኛ የሚባለው ለደመወዝ ሳይሆን ለዕውቀት ሲል ጣቢያ አቁሞ ከሌሎች ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። በአገራችንም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር አለ። ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል የጥሪ ምልክት የታወቀው የማኅበሩ ጣቢያ አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቅጥር ግቢ ውስጥ የተተከለ ነው። ይህ ጣቢያ ዝናን ያተረፈው በአጭር ሞገድ ነው። ለምሳሌ በ20 ሜትር ሞገድ የሩብ ሞገድ አንቴና 5 ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ በጣራ ላይ ሊቆም ይችላል።

በረጅሙ ሞገድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2000 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረገው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ከ135.7 እስከ 137.8 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ቦታ፣ የሚሠራጨው ኃይል ከ1 ዋት እንዳይበልጥ ወስኖ ለአማተሮች ፈቀደ። በ137 ኪሎ ኸርዝ አንዱ ሞገድ 2,190 ሜትር ይረዝማል፤ ሩቡ እንኳ 547 ሜትር ነው። ይህን የሚያህል ምሰሶ የሚያቆም አማተር የለም።

እስቲ ካምባን ለምሳሌ እንውሰድ። ካምባ ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ፣ በጋሞ ደጋ ተራሮች መካከል ያለች ናት። እንዲህ ባለ አገር አጭር የሆነው ሞገድ በተራራ ይጋረዳል፤ ረጅሙ ሞገድ ግን ምድርን እየተከተለ ከኮረብታው ጀርባም ይደርሳል። እንግዲህ አንድ የፊዚክስ ተማሪ በዚያ 15 ሜትር የሚሆን የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቁሞ፣ ከጫፉ ላይ 40 ሜትር ያህል አግድም ሽቦ ዘረጋ እንበል። ሽቦው ከሞገዱ ጋር ሲተያይ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ ኃይሉን አልቀበልም ብሎ ይመልሳል።

መድኃኒቱ ጥቅልል ሽቦ ነው። ከላይ የጠቀስነው አንቴና 300 ፒኮ ፋራድ ያህል የመያዝ አቅም ቢኖረው፣ እርሱን ለማመዛዘን 4.5 ሚሊ ሄንሪ የሚሆን ጥቅልል ያስፈልጋል። በውስጡም ሌላ ትንሽ ጥቅልል እንዲሽከረከር ሆኖ ይገባል፤ ትንሹን ጥቅልል ማዞር የክራርን መቃኛ እንደ ማዞር ያለ ነው። ሥራው የሚጀመረው በጥቂት ዋት ነው። ወደ አንቴናው የሚገባው የኤሌክትሪክ ፍሰት በአምፔር መለኪያ እየታየ፣ መርፌው ከሁሉ ከፍ ያለበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ትንሹ ጥቅልል ቀስ እያለ ይዞራል።

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። በቀላሉ የተቃኘና ቅኝቱ የማይናወጥ አንቴና ጥሩ ይመስላቸዋል። እኛ ግን ተቃራኒውን እንላለን። የአንቴናው ጠቅላላ ተቃውሞ 50 ኦም ቢሆን፣ ቅኝቱ የሚይዘው ስፋት 1.8 ኪሎ ኸርዝ ያህል ብቻ ነው፤ ተቃውሞው 100 ኦም ቢደርስ ስፋቱ እጥፍ ይሆናል፣ ቅኝቱም ይቀላል። ነገር ግን ያ ምቾት የመጣው ኃይሉ መሬቱንና ጥቅልሉን በማሞቅ ስለባከነ ነው። በዚህ አንቴና ኃይልን ወደ አየር የሚያወጣው ተቃውሞ ከአንድ ኦም አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከ100 ዋት ውስጥ ወደ አየር የሚወጣው ከሩብ ዋት በታች ነው። ቅኝት ኃይልን ከየትም አያመጣም፤ የተረፈውን ብቻ ያደርሳል። ብክነቱን የሚቀንሰው ከምሰሶው ሥር እንደ ፀሐይ ጨረር በየአቅጣጫው የሚቀበረው የመሬት ሽቦ ነው። ሳይታይ የሚቀረው ሥራ ከሚታየው ምሰሶ ይበልጣል ማለት ነው።

የደጋው አየር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጉም ሲወርድ፣ በአጠገቡ ያለው ዛፍና እንሰት በዝናብ ሲርስ የአንቴናው የመያዝ አቅም ይለወጣል። ለውጡ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ቅኝቱ በ0.7 ኪሎ ኸርዝ ያህል ይሸሻል። ጠዋት የተቃኘው ከሰዓት በኋላ እንደገና ይቃኛል።

አደጋውንም ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። 100 ዋት ወደዚህ አንቴና ሲገባ ከጥቅልሉ ጫፍ ላይ ከ5,000 ቮልት በላይ ይገኛል። ጣቢያው በሥራ ላይ ሳለ ሽቦውን መንካት ያቃጥላል፤ ሕይወትንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ አጥር ይታጠርለት፤ ሰማይ ሲያጉረመርምም አንቴናው ከመሣሪያው ተለይቶ ከመሬት ጋር ይያያዝ። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ምሰሶው ከመቆሙ በፊት ፈቃድ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

«ይህ ሁሉ ድካም ለሩብ ዋት ነውን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በዚህ ጠባብ ቦታ የሚያስኬደው ዘገምተኛ የሞርስ ምልክት ወይም አንዲትን አጭር መልእክት በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያደርስ የኮምፒዩተር ዘዴ ነው። ሆኖም አማተሮች በዚህን ያህል ጥቂት ኃይል የአትላንቲክን ውቅያኖስ አሻግረው ተነጋግረዋል። ያሻገራቸውም የመሣሪያቸው ትልቅነት ሳይሆን ብክነትን እየለኩ መቀነሳቸው ነው።

ስለዚህ ለካምባውም ሆነ ለአዲስ አበባው ተማሪ የምንመክረው አንድ ደብተር እንዲይዝ ነው። የቀኑን ዝናብ፣ የአምፔሩን ልክ፣ የጥቅልሉን ቦታ በየዕለቱ ይጻፍ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ የተመዘገበበት ደብተር በእጁ ከገባ፣ ስለዚያች መሬት ማንም መጽሐፍ ያልነገረውን ያውቃል።