ዓይን የማይወጋ መብራት

ፖል ሄኒንግሰን ልጅ ሳለ ቤታቸው የሚበራው በላምባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1894 የተወለደው ይህ የዴንማርክ አርክቴክት የማሾን ለስላሳ ብርሃን ለምዶ አደገ። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ግን ራቁቱን የተንጠለጠለው አምፖል ገበታ የከበበውን ሰው ሁሉ ዓይን ይወጋ ጀመር። ሄኒንግሰን ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከዚህ ጋር ነው።

መላውን ያገኘው በሒሳብ ነው። ሉዊስ ፖልሰን ከተባለው የኮፐንሃገን ኩባንያ ጋር ሠርቶ በ1926 ባወጣው መብራት አምፖሉን በሦስት ቆቦች ከለለው፤ ትልቁ ከላይ፣ መካከለኛው ከሥሩ፣ ትንሹ ከታች። የቆቦቹ ጉብጠት በዘፈቀደ የተሠራ አይደለም። ጨረሩ የትኛውም የቆቡ ክፍል ላይ ቢያርፍ አንግሉ እንዳይለወጥ ተሰልቶ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ብርሃን ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል፤ ጥቂቱ ወደ ጎንና ወደ ላይ እየወጣ የክፍሉን ጨለማ ያለዝባል። አምፖሉ ራሱ ለተቀመጠ ሰው አይታይም።

ዴንማርክ በጀርመን ጦር በተያዘች ጊዜም ይኸው እውቀቱ ሌላ ሥራ ላይ ዋለ። የጦር አውሮፕላኖች ከተማዋን እንዳያዩ በምሽት ብርሃን ይከለከል ስለነበር፣ ከሰማይ የማይታይ መብራት በ1941 ሠራና ቲቮሊ የተባለው የኮፐንሃገን መዝናኛ በምሽት እንዳይዘጋ አደረገ።

የአምፖል ፋብሪካዎች ግን ቅርጹን በየጊዜው እየቀያየሩ ስሌቱን ያዛቡበት ነበር። በ1958 ያወጣው ‹‹ፒኤች 5›› ለዚህ የሰጠው መልስ ነው፤ ምንም ዓይነት አምፖል ቢገባበት ዓይን አይወጋም። ‹‹ፒኤች›› የስሙ መነሻ ፊደላት ሲሆኑ፣ ‹‹5›› የመጣው ከዋናው ቆብ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ነው። የሰው ዓይን ለቀይና ለሰማያዊ ብርሃን ደከም ያለ በመሆኑ ውስጡን በእነዚሁ ቀለማት ነካካው። በዚያው ዓመት ለአንድ ሬስቶራንት የሠራው፣ 72 የብረት ቅጠሎች ያሉት ‹‹አርቲቾክ›› የበለጠ ቢያምርም የትልቅ አዳራሽ ጌጥ ነው። ተራው ዴንማርካዊ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ የሰቀለው ‹‹ፒኤች 5››ን ነው፤ ትልቁ ሥራውም እሱ ነው።

አንባቢም መብራት ሊገዛ ሲሄድ ቆሞ ብቻ አይምረጥ። አስበርቶ፣ ከሥሩ ተቀምጦ፣ ቀና ብሎ ይየው፤ አምፖሉ ዓይኑን ከወጋው ሌላ ይጠይቅ።